የተኛችው ሽንኩርት

ሳሎናችሁ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ካለ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከዓሣዎቹ ሌላ በውስጡ ምን አለ? «የፕላስቲክ ሣርና አንድ ትንሽ ግንብ» ካላችሁ አትፈሩ፤ የእኛም ቤት ገንዳ ለዓመታት እንደዚያው ነበር። ገንዳ የሌላችሁም ገጹን አትለፉት። ስለ ገንዳ ልጽፍ ብነሳም የማወራችሁ ስለ ውሃ፣ ስለ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ እና ሞታለች ብለን ልንጥላት ስለነበረች አንዲት የተክል ሥር ጭምር ነው።

የምንኖረው መቀሌ ነው። ባለቤቴ፣ ልጃችን፣ የባለቤቴ እናትና እኔ። ገንዳውን ያሠራነው በ2010 ዓ.ም. በሰፈራችን ካለ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ነው። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ነው። ሲባዛ 63 ሊትር ይሆናል። ያን ጊዜ ጥቂት ዓሣዎች ገዝተን፣ የፕላስቲክ ሣር ነስንሰን፣ እንግዳ ሲመጣ መብራቱን እያበራን ደስ ብሎን ኖርን።

በ2013 ጦርነቱ ሲመጣ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ቆመ፤ ዓሣዎቹም ብዙ አልቆዩም። ባለቤቴ ገንዳውን በሎሚና በጨው ፈትጎ አጠበውና ንጹሕ ውሃ ሞላበት። የቧንቧ ውሃ ለሳምንታት በማይመጣበት በዚያ ዘመን፣ በቤታችን ውስጥ ሳይፈስና ሳይቆሽሽ ውሃ የሚይዝ ትልቁ ዕቃ እሱ ነበር። ነጠላ ሸፍነንበት እየቀዳን ጠጣን፤ ሊጥ አቦካን፤ እጅ ታጠብን። ስለዚህ አማቴ ያን ገንዳ ሲያዩ የሚታያቸው ጌጥ አይደለም። «ያጠጣን ዕቃ ነው» ይላሉ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ቀስ በቀስ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም ተመለሰ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤትም በ2015 ተከፈተ። ልጄ ደብተሯን ስትዘጋ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስትከፍተው 14 ሆኗት ነበር። ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ክፍሏ ግን እዚያው ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት ልጅ ካለ የምላችሁን ታውቃላችሁ። ታጠናለች፣ ትላካለች፣ ትታዘዛለች። ግን የምትጓጓለት ነገር የለም። «ሲያልቅ ምን ልትሆኚ ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትመልሰዋለች።

ሦስት ድቡልቡል ሥሮች

በመስከረም 2016 የእኔ የአክስት ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ለልጄ አንዲት ትንሽ ፓኬት ይዛላት መጣች። ውስጧ አንድ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት የሚያካክሉ ሦስት ደረቅ ነገሮች ነበሩ። «ውሃ ውስጥ ብትከቻቸው ያብባሉ» አለቻት። አማቴ አንዷን አንስተው አሸተቱና «ሽጉርቲ ድያ?» አሉ፤ ሽንኩርት ናት ወይ ማለታቸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስማቸው ሽንኩርት ሆኖ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ሽንኩርት አልነበሩም። ለገንዳ የሚሸጡት ባለ ድቡልቡል ሥር ተክሎች ሦስት ዓይነት ናቸው ብላችሁ ያዙት። የመጀመሪያው አፖኖጌቶን የሚባለው ነው። ሥሩ የትንሽ ድንች ዓይነት ሲሆን፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠርዙ የተኮማተረ ነው። በብዛት የሚገኘው ክሪስፐስ የተባለው ዝርያ የስሪላንካና የሕንድ ተወላጅ ነው። ሁለተኛው ታይገር ሎተስ ይባላል፤ የውሃ አበባ ዘመድ ሆኖ ቅጠሉ ቀይና ነጠብጣብ ያለበት ነው። ሦስተኛው ክራይነም ነው። በትክክል ሽንኩርት የሚባል ሥር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ብትሰነጥቁት ልጣጭ በልጣጭ ነው። ቅጠሉ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ለትንሽ ገንዳ አይመከርም። በእኛ ፓኬት ውስጥ ሁለት አፖኖጌቶንና አንድ ሎተስ ነበሩ።

ለጀማሪ እነዚህን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ሌሎች የውሃ ተክሎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሩ ብርሃንና ምግብ ይፈልጋሉ። ባለ ድቡልቡል ሥሮቹ ግን ስንቃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያድጉት በሥራቸው ውስጥ ባከማቹት ምግብ ስለሆነ፣ የእኛን ስሕተት ለጥቂት ጊዜ ይታገሱናል።

ልጄ ፓኬቱን ይዛ ወደ ባዶው ገንዳ ስትሄድ አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ሰው ውሃ በጄሪካን እየገዛ እናንተ ለሣር ልታጠጡ ነው?» አሉ። ማናችንም አልመለስንላቸውም፤ ልክ ነበሩ። የመቀሌን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውም አንዳንዴ ይረሳል። ሮቶ ያለው ከሮቶው፣ የሌለው ከጋሪ ይገዛል።

ልጄ ደብተሯን አውጥታ ሒሳብ ሠራች። ገንዳው አንዴ ከተሞላ በኋላ በየሳምንቱ መቀየር ያለበት ውሃ 10 ሊትር ገደማ ነው፤ የባለ 20 ሊትር ጄሪካን ግማሽ ማለት ነው። አማቴ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ለተከሏቸው ቆስጣና ጤና አዳም በሳምንት ከዚያ የበለጠ ያጠጣሉ። «እንግዲያው» አለች ልጄ፣ «ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ለዓባየይ ቆስጣ ይሁን፤ ለቆስጣው የሚሆነው ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለገንዳው።» የዓሣ ኩስ የሟሟበት ውሃ ለአትክልት ከንጹሑ ይሻላል፤ የማዳበሪያነት ጠባይ አለው። አማቴ ለጥቂት ጊዜ አሰቡና «ቆስጣዬን ካደረቃችሁት ግን ሽጉርቲያችሁን እጥለዋለሁ» ብለው ተቀመጡ። የቤታችን ሕግ በዚህ መንገድ ጸደቀ።

የመቀሌ ውሃና የመቀሌ ድንጋይ

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። እኛ የተማርነውን በቅደም ተከተል ብነግራችሁ ገንዘብም ጊዜም ታተርፋላችሁ።

መጀመሪያ ገንዳው የሚቀመጥበትን ቦታ አስቡ። የእኛ 63 ሊትር ውሃ ብቻውን 63 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር 80 ኪሎን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንቀሳቀስ የለም። ቀጥ ያለ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አታስቀምጡት። የደጋው ፀሐይ በሁለት ሳምንት ውስጥ መስታወቱን አረንጓዴ ያለብሰዋል።

ቀጥሎ ጠጠር ነው። መቀሌ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ አገር ላይ ነው። የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ብታዩ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያው ነው የሚመጣው። ከተማችን ከምትጠጣባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ የሆነው የአይናለም የጉድጓድ ውሃም በዚሁ ድንጋይ መካከል ያለፈ ስለሆነ «ጠጣር ውሃ» የሚባለው ዓይነት ነው። ለጋፒ ዓሣዎች ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ይስማማቸዋል። ክሪስፐስም ይችለዋል። ለስላሳ ውሃ ብቻ የሚወዱ የአፖኖጌቶን ዝርያዎች ስላሉ ግን ስትገዙ ስሙን ጠይቁ። ውሃው አስቀድሞ ኖራ ስለያዘ ከታች ደግሞ የኖራ ጠጠር መጨመር አያስፈልግም። መፈተኛው ቀላል ነው። ከወንዝ ወይም ከግንባታ ቦታ ባመጣችሁት ጠጠር ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንተከተከና አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፤ ተዉት። ጥቁር ድንጋይ አይተነተክትም። እኛ በደቃቁ የተከሰከሰ ጥቁር ድንጋይ ወስደን፣ ውሃው እስኪጠራ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል አጥበን፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አነጠፍን። የማጠቢያውም ውሃ ወደ ቆስጣው ሄደ።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ ይደር። ገንዳው ከተሞላና ማጣሪያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ዓሣ ለማስገባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ጊዜ ይፈልጋሉ። ተክሎች ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ መግባት ይችላሉ። ናይትሬቱን የሚመገቡትም እነሱ ናቸው።

ሥሮቹን ስትተክሉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። እንደ ድንች አትቅበሯቸው። ከግማሽ በላያቸው ከጠጠሩ ውጪ ይሁን፤ የሚቀበር ራስ ይበሰብሳል። የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሆነ ካልታወቃችሁ በጎኑ አስተኙት፤ ቡቃያው መንገዱን ራሱ ያገኛል። ቢንሳፈፍ አትደንግጡ፤ ደረቅ ስለነበረ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰምጣል። ነጭ የጥጥ ዓይነት ሻጋታ ቢያወጣ በጣታችሁ በቀስታ ጥረጉት። ሲጫኑት ከተልፈሰፈሰና ከሸተተ ግን ሞቷል፤ ውሃውን ሳያበላሽ አውጡት።

ከሦስቱ አንዷ አፖኖጌቶን በዘጠነኛው ቀን ሸተተችና ወጣች። ልጄ በደብተሯ ላይ «ሽንኩርት ቁጥር 2፣ ሞተች» ብላ ጻፈች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ማለዳ አማቴ ለጸሎት ሲነሱ ባትሪ አብርተው ገንዳውን አዩና ልጄን ቀሰቀሷት። ቁጥር 1 ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር ነበረች። ልጄ በፒጃማዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ማስመሪያዋን መስታወቱ ላይ ደግፋ «4 ሚሊ ሜትር» ስትል ሰማኋት። እንደዚያ ባለ ድምፅ ስታወራ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

የእኔ ስሕተት

ጥር ላይ የቁጥር 1 ቅጠሎች 25 ሴንቲ ሜትር ደረሱ። ሎተሷም አራት ቀይ ቅጠሎች አወጣች። ስምንት ጋፒዎች አስገባን። መብራቱን በቀን ለሰባት ሰዓት እናበራለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልጄ በየሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሰዋለች፤ አየር እንዲገባበት ነው። ክፍላችን ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና። ክሪስፐስና ጋፒ 20 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ስለሚችሉ ግን ብርድ ልብስ እያለበስነው ክረምትና በጋን ያለ ማሞቂያ ዘለቅን።

በየካቲት የሎተሷ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። ምግብ አንሷት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ልክም ነበርኩ። ቀጥሎ ያደረግሁት ግን ልክ አልነበረም። ከገጠር ለመጣ ዘመድ የተረፈ ዩሪያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለበቆሎ የሚሆን ለሎተስ አያንስም ብዬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጠጠሩ ውስጥ ወሸቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በሁለተኛው ቀን ጋፒዎቹ ከውሃው ወለል ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስድስቱ ሞተው ተንሳፈፉ።

ይህን የምነግራችሁ እንዳትደግሙት ነው። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያው ደግሞ እንደ መቀሌው ባለ ጠጣርና አልካላይን ውሃ ውስጥ ይበልጥ መርዝ ይሆናል። ዳፕም ሆነ ዩሪያ ለእርሻ እንጂ ለገንዳ አይሆንም። ለውሃ ተክል ተብሎ የተሠራ፣ ሥሩ አጠገብ የሚቀበር ክኒን አለ፤ ካላገኛችሁት ዝም ብላችሁ የዓሣዎቹን ኩስ ተማመኑ። ቀስ ይላል እንጂ ይበቃል።

ለልጄ እኔ መሆኔን ነገርኳት። አልተቆጣችም። ስድስቱን ዓሣዎች በወረቀት ጠቅልላ በጤና አዳሙ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረቻቸው። እጇን ስትታጠብ «እኛ ቤት የገባ ነገር አይበረክትም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምሬት እንኳ አልነበረም። የአየር ሁኔታ እንደምታነብ ሰው ነው ያለችው። በዚያ ሌሊት አልተኛሁም። ያዘንኩት ለዓሣዎቹ አልነበረም።

ደብተሩ ለሁለት ወር ተዘጋ። ውሃውን እኔ ቀየርኩ፤ በተከታታይ ቀናት ትንሽ ትንሹን እያወጣሁ፣ በየጊዜው ለቆስጣው። የተረፉት ሁለቱ ጋፒዎች ወንድና ሴት ስለነበሩ በሚያዝያ ቅንጣት የሚያህሉ ጫጩቶች ጠጠሩ መካከል ታዩ። ቁጥር 1ም በዚያው ወር ከውሃው በላይ አንድ ቀጭን ዘንግ አወጣችና ጫፏ ላይ ነጫጭ ደቃቅ አበቦች ደረደረች። ልጄ ምንም አላለችም። ማታ ግን ደብተሩ ከመሳቢያ ወጥቶ ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ አየሁት።

«ደቂሳ'ያ»

በሐምሌ አዲስ ቅጠል መውጣቱ ቆመ። የነበሩት ከጫፋቸው ጀምሮ ቡናማ ሆነው እየሟሙ ሄዱ። ብርሃኑን ጨመርን፤ አልሆነም። ውሃውን ቀየርን፤ አልሆነም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያቺ ገንዳውን ሞልታ የነበረች ተክል መላጣ ድቡልቡል ሆና ቀረች። ልጄ ከጠጠሩ ነቅላ በመዳፏ ይዛ ወደ ማድ ቤት መጣችና ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ስትሄድ «ይኸው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም የምለው አልነበረኝም።

አማቴ ሽሮ እየነፉ ነበር። ወንፊታቸውን አስቀምጠው «አምጪያት» አሉ። በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጓት። አሸተቷት። «ኣይሞተትን፤ ደቂሳ'ያ» አሉ። አልሞተችም፤ ተኝታ ነው ማለታቸው ነው። እሳቸው ያደጉት ገጠር ነው። ክረምት ሲመጣ ሜዳው ላይ በሚያቁር ውሃ ውስጥ ቅጠል ይወጣል፣ ያብባል፤ ውሃው ሲደርቅ ከብት የሚረግጠው ጭቃ ብቻ ይቀራል። «በዓመቱ ማን ዘራው ሳይባል እዚያው ይመለሳል» አሉን። ከዚያ ባዶ የወተት ጣሳ አመጡ፤ እርጥብ አሸዋ ሞሉ፤ ሥሯን በውስጡ አስተኝተው ከልብስ ማጠቢያው ሥር፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጧት።

በኋላ ሳነብ አማቴ ያሉት ነገር በመጻሕፍትም አለ። አፖኖጌቶኖች ብዙዎቹ ከርሞ ከርሞ የሚደርቅ ኩሬ ልጆች ናቸው። ከወራት ዕድገት በኋላ ቅጠላቸውን ጥለው ምግባቸውን ወደ ሥራቸው ሰብስበው ያርፋሉ። ብዙ ጀማሪ በዚህ ጊዜ ሞቱ ብሎ ይጥላቸዋል። ሁለት ወር ገደማ ቀዝቀዝ ባለ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ማቆየት ወይም እዚያው ገንዳው ውስጥ ሳይነኩ መተው ይበቃል። ክሪስፐስ አንዳንዴ ሳያርፍም ይቀጥላል፤ የእኛዋ ግን ማረፍ ፈለገች።

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ከባሕር ማዶ በፓኬት የመጣልን ተክል በአገራችን ዘመድ አለው፤ የሳይንስ ስሙም አፖኖጌቶን አቢሲኒከስ ነው። አቢሲኒከስ የሚለው የእኛው አገር የጥንት ስም ነው። የክረምት ውሃ በሚያቁርበት ቦታ የሚበቅል፣ ሲደርቅ ሥሩ በአፈር ውስጥ የሚቆይ ተክል ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕጽዋት ሰብሳቢ በ1837 በእነሱ አቆጣጠር ወደ አገራችን መጥቶ በትግራይ ኖረ። እዚሁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በ1878 በዓድዋ ሞተ። እሱ የሰበሰባቸው የደረቁ ዕጽዋት አውሮፓ ደርሰው የብዙዎቹ የኢትዮጵያ ተክሎች የሳይንስ ስም መነሻ ሆነዋል። ይህን ለልጄ ሳነብላት «ታዲያ እኛ ለምን ከአዲስ አበባ አስመጣን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ደስ አለኝ፤ ጠያቂ ስትሆን ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ከገንዳችሁ የተረፈ ተክል ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ግድብ አትጣሉ። እላላ ወንዝም ቢሆን፣ ሰፈራችሁ ያለ ቦይም ቢሆን። ጣና ሐይቅን ያስጨነቀው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣና በአበባው ውበት በዓለም ዙሪያ ለኩሬ ጌጥ ሲሸጥ የኖረ ተክል ነው። በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአማራ ክልል ገበሬ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት ተቆጠሩ። የተረፋችሁን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ለአትክልታችሁ ብስባሽ አድርጉት።

ጣሳው

ነሐሴ አለፈ። ልጄ ወደ ልብስ ማጠቢያው ስትሄድ ጎንበስ ብላ ጣሳውን ታያለች። ጣቷን አሸዋው ላይ አስነክታ ከደረቀ በማንኪያ ውሃ ትጨምራለች። ለእኛ ምንም አትነግረንም። እንቁጣጣሽም አለፈ። አንድ ቀን አማቴን «ዓባየይ፣ ካልነቃችስ?» ስትላቸው ሰማሁ። «ካልነቃች ሌላ ወር እንጠብቃታለን» አሉ። «ከዚያስ?» «ከዚያ ደግሞ ሌላ ወር። ምን አስቸኮለሽ? አንቺስ ሦስት ዓመት ቆይተሽ አልተመለስሽም?»

ልጄ አልመለሰችላቸውም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሳልገባ ተመለስኩ።

በመስከረም 2017 የመጨረሻ ሳምንት፣ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጣሳው ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። አሸዋው ተቆፍሯል። ሥሯ ወደ ገንዳው ተመልሳለች፤ ራሷ ላይ ጥርስ የምታህል ነጭ ቡቃያ አለች። ደብተሩ ተከፍቶ ነበር። በልጄ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሽንኩርት ቁጥር 1። የተኛችበት ጊዜ 64 ቀን። ዛሬ 3 ሚሊ ሜትር።» ከዚያ በታች አንድ ነገር ጽፋ ሰርዛዋለች። ለማንበብ ሞከርኩ፤ ተውኩት። የእሷ ነው።

ልጄ ተለወጠች ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ከክፍል ጓደኞቿ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አሁንም አንዳንድ ማለዳ መነሣት ይከብዳታል። ባለፈው ወር ግን አንድ እንግዳ «ስትጨርሺ ምን ልትሆኚ ነው?» ሲላት ትከሻዋን አልሰበቀችም። «ገና ነኝ» አለች። እኔ ዘንድ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ለመጀመር ብዙ አያስፈልጋችሁም። አንድ ገንዳ፣ በአቼቶ የተፈተነ ጠጠር፣ አንዲት ሥር፣ ግማሽ ጄሪካን ውሃና የሚጠጣው ቆስጣ ይበቃል። አንድ ቀን ቅጠሏ ሁሉ ረግፎ ብታገኟት ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጓት። ከጠነከረች ጣሳ ፈልጉላት።

በነገራችን ላይ ዘንድሮ የአማቴ ቆስጣ እንደዚህ ዓመት አምሮ አያውቅም። ምስጢሩ የገንዳው ውሃ መሆኑን ለጎረቤት አይናገሩም። ስትጠየቁ እናንተም አልሰማንም በሉ።